ሳል የያዘው ቧንቧ

ባለቤቴ ኖፋ ሬዲዮኗን የምታስቀምጠው ከማጀቱ ቧንቧ አጠገብ ነበር። ሁለቱን የምታዳምጠው አንድ ላይ ነው። ሬዲዮኑ ስለ ውሃ እያወራ ቧንቧው ዝም ካለ፣ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ማለት ነው፤ ቧንቧ ደግሞ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም ትል ነበር። ሬዲዮኑ አሁንም እዚያው ነው። ጠዋት አቧራውን እጠርግለትና ሻዬን ጥጄ እቀመጣለሁ።

ይህን የምጽፈው ልጃችን ነሽሚያ ስለጠየቀችኝ ነው። የቧንቧውን ነገር ሰው በየቤቱ እየጨማመረበት ሄዷል። ኖፋ ቡናውን በእንደራሴው አናት ላይ ደፋችው የሚሉ አሉ። ሽጉጥ ተመዘዘ የሚሉም ሰምቻለሁ። ሽጉጥም አልነበረም፣ የተደፋ ቡናም አልነበረም። የሆነው ሁሉ የሆነው እኔ ተቀምጬ እያየሁ ነው።

መንደራችን ከከረክ ከተማ ወጣ ብላ ዳገት ላይ የተቀመጠች ናት፤ ታችኛው ሰፈርና ላይኛው ሰፈር። እኛ ላይኞቹ ነን። የውሃ ተራችን ዓርብ ነው። ዓርብ ጠዋት ከሥር ያለው ፓምፕ ይነሣል፣ የታችኞቹ የጣሪያ ታንከር ይሞላል፣ ውሃው ዳገቱን ጀምሮ እኛ ጋ ሊደርስ ሲል የፓምፑ ሰዓት ያልቃል። ለእኛ የሚተርፈን ከውሃው ፊት ፊት የሚሮጠው ነፋስ ነበር። ቧንቧው መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ያስነጥሳል፣ ከዚያ ሳል ይይዘውና እስኪመሽ እህ እህ ሲል ይውላል። ቆጣሪው ደግሞ ነፋስና ውሃ አይለይም፤ ይዞራል። ስለዚህ ለነፋሱ እየከፈልን ውሃውን ከቦቴ እንገዛ ነበር።

ኖፋ አጭርና ደልደል ያለች ሴት ነበረች። የቤቱን ቁልፍ ሁሉ በመቀነቷ ላይ ስለምታንጠለጥል፣ ከየት በኩል እንደምትመጣ ከመታየቷ በፊት ይሰማል። ትምህርቷ ብዙ አልገፋም፤ ዜና ግን አያመልጣትም። ዜና አንባቢዎቹን በድምፅ ትለያቸዋለች፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ታዝንላቸዋለች፣ የሚያነቡትን ግን አታምናቸውም። ዜናው ሲያልቅ ለእኔ እንደገና ታነብልኛለች፤ በእነሱ ድምፅ፣ በራሷ ሐሳብ። እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጦር ሠራዊቱ ጋራዥ መኪና ሥር ተኝቼ ነው፤ እዚያ የሚናገረው ሞተሩ ነው። የቤታችንን ንግግር ሁሉ እሷ ያዘችው፣ ተስማምቶን ኖርን።

ጠዋት ጠዋት ሕዝቡ እየደወለ ብሶቱን የሚያሰማበት የሬዲዮ ዝግጅት አለ። አዘጋጁ ኖፋን ገና ሃሎ ስትል ያውቃታል። "ሐጃ ኖፋ፣ ዛሬስ ምን አጎደልንብዎት?" ይላታል። ጉዳዩ የማንም ቢሆን እሷ የምትከሰው አንድ ሰው ነው፤ የአካባቢያችንን የሕዝብ እንደራሴ አቡ ነዋፍን። ድምፄን የሰጠሁት ለእሱ ነው፣ ስለዚህ ዶሮዬ ብትታመምም የሚጠየቀው እሱ ነው ትላለች።

መንግሥት የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት የገፋ ጊዜ ደወለችና፣ አዋጁን ሁሉም ሰምቷል፣ ለአውራ ዶሮዬ ግን የነገረው የለም፣ እሱ አሁንም በድሮው ሰዓት እየጮኸ ከጎረቤት አጣላኝ አለች። አንድ ሹም በቴሌቪዥን ቀርቦ ጥርሳችሁን ስትፋቁ በአንድ ኩባያ ውሃ ብቻ ተጠቀሙ ብሎ የመከረ ጊዜ፣ ኩባያው የቀን ነው ወይስ የሳምንት ብላ ጠየቀች። በክረምት የአየር ትንበያው ከጎርፍ ተጠንቀቁ ሲል፣ እኔ ጎርፉን ባገኘው እቅፍ አድርጌ አስገባው ነበር አለች። የጋዝ መኪናውን ነገር ግን ከሁሉ አስበልጣ ትይዘዋለች። ጋዝ የሚያዞረው መኪና በየጎዳናው የሚያሰማትን ሙዚቃ የማያውቅ የለም፤ ትጀምራለች፣ ትጀምራለች፣ አታልቅም።

"አቡ ነዋፍ" አለች አንድ ቀን፣ አገር እየሰማ፣ "ይቺ ሙዚቃ ልጄ ሚፍለሕ ሳይወለድ የተጀመረች ናት። ወይ ጨርሱልን ወይ ሌላ ጀምሩልን። እናንተ እንደራሴዎቹም እንደሷ ናችሁ፤ መግቢያችሁን እንጂ መጨረሻችሁን ሰምተን አናውቅም።"

አቡ ነዋፍ ክፉ ሰው አይደለም። የታችኛው ሰፈር ልጅ ነው፣ ቁመናው ያማረ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ የማይቆጣ። እሱም ወደ ሬዲዮኑ ይደውልና፣ "እሺ የኔ እናት፣ እሺ፤ ሳላስፈጽም ብቀር ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ይላታል። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። ኖፋ ግን የአቡ ነዋፍ እሺ ሺህ ሞልቶ ፈሷል፣ በዚህ መንደር የሚፈሰውም እሱ ብቻ ነው ትል ነበር።

ሰው አቡ ነዋፍን የሚመርጠው ከለቅሶም ከሠርግም ስለማይቀር ነው። በተለይ ዓርብ ዓርብ ሽማግሌ እየመራ ሴት ልጅ መጠየቅ ዋና ሥራው ነበር። ድምፁ ያምራል፣ የሁለቱን ወገን ዘር ሳያሳስት ይቆጥራል፣ እምቢ ያለችው ቤትም የለችም። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ለሽማግሌዎቹ አለቃ መራራው ቡና በፍንጃል ይቀርብለታል፤ እሱ ግን አይጠጣም፣ ፊቱ ያስቀምጠዋል። የመጣበትን ይናገራል። የልጅቷ አባት "ቡናህን ጠጣ" ካለው ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ይጠጣል፣ ሰዉም ይጠጣል። ሳይጠጣ የተነሣ ሽማግሌ ተዋርዶ ወጣ ይባላል፣ ሁለቱ ቤቶች ከዚያ ወዲያ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ብዙውን ጊዜ ግን ሴቶቹ ነገሩን ቀድመው ስለሚጨርሱት፣ ወንዶቹ የሚሄዱት ቡናውን ሊጠጡ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት የሆነው እንዲህ ነው። ልጃችን ሚፍለሕ ከሚስቱ ከኢብቲሳምና ከልጆቹ ጋር የሚኖረው ከላያችን ባለው ፎቅ ነው። ፎቁን ለእነሱ ብለን ድንጋይ በድንጋይ ነው የሠራነው። አንድ ዓርብ ኢብቲሳም የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ ከጀሪካን ውሃ ስታጥብ፣ ሳሙናውን መትታ ሳታለቀልቀው ጀሪካኑ አለቀ። ሌላ አልነበረም። ልብሱ እንደዚያው ደረቀ። የሳምንቱ ትምህርት በሚጀምርበት እሑድ ጠዋት ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ካፊያ ነካውና ሸሚዙ አረፋ ያወጣ ጀመር። ልጆቹ "ሳሙናው" የሚል ስም አወጡለት፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በስሙ የጠራው የለም።

ኖፋ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ኢብቲሳም ግን አልሳቀችም። ሚፍለሕ ወደ ታች ወርዶ እናቱ ፊት ተቀመጠና፣ በዘርቃ ከተማ ቤት እንዳገኙ፣ ትምህርት ሲዘጋ እንደሚሄዱ፣ በክፋት እንዳይታይባቸው ነገራት። ኖፋ ሳቋን አቆመች። ዘርቃ ሩቅ ነው፤ የሄደ ልጅ በበዓል ነው የሚመጣው። ማታ ላይ ከፎቁ የልጆቹ ሩጫ ሲሰማ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች እንጂ እንደ ድሮው በመጥረጊያ እንጨት አትመታውም።

በዚያው ሰሞን በምሽቱ ዜና አቡ ነዋፍ በቴሌቪዥን ታየ። ከዳገቱ ወገብ ላይ አዲስ የተተከለ ፓምፕ ፊት ቆሞ አረንጓዴ ጥብጣብ ሲቆርጥ አየነው። ዜና አንባቢዋ የላይኛው ሰፈር የውሃ ችግር ተፈትቷል አለች። ኖፋ ተነሣች፣ ወደ ማጀት ገባች፣ ቧንቧውን ከፈተችው። ሳለ። መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ደወለች። "ትናንት ማታ ውሃ እንዳለኝ በዜና ሰማሁ" አለች። "እባካችሁ የት እንዳስቀመጣችሁልኝ ንገሩኝና ጀሪካን ይዤ ልሂድ።" አዘጋጁ ቶሎ ብሎ ዘፈን አስገባ። ፓምፑ ለካ ኤሌክትሪክ አልተቀጠለለትም ኖሯል። የውሃ ሰዎቹ መብራት ይምጣ ይላሉ፤ የመብራት ሰዎቹ የውሃ ሰዎቹ ይጠይቁን ይላሉ። አቡ ነዋፍ ደወለና እሺ አለ።

ነሽሚያን የጠየቃት ሰጣም ነበር፤ የአቡ ነዋፍ የወንድሙ ልጅ፣ ከረክ ሆስፒታል ነርስ ነው። ልጆቹ በአውቶቡስ ተያይተው ተዋደዋል፣ ሴቶቹም ነገሩን ጨርሰውታል። ሽማግሌዎቹ ዓርብ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ እንዲመጡ ተቀጠረ። የሚመራቸው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ሐሙስ ዕለት ኖፋ ለእንግዶቹ ሩዝ እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ "ነገ ቡናህን ጠጣ የምትለው አንተ ነህ አይደል?" አለችኝ።

ሌላ ማን ይላል አልኳት።

"ቶሎ አትበል" አለች።

ምን እንዳሰበች ገባኝ፤ ደስም አላለኝም። እንግዳ ቤቴ አስገብቼ ፊቱን ማጥቆር አልችልም አልኳት። ደግሞስ ተቆጥተው ቢነሡ የልጅቷ ነገርስ? ኖፋ ልጅቷን ጠይቄያታለሁ ብላ ነሽሚያን ጠራቻት። ነሽሚያ በሩ ላይ ቆማ እጇን በፎጣ እየጠረገች፣ "አባዬ፣ ሰጣም ከወደደኝ አንድ ሲኒ ቡና እስኪበርድ ይጠብቃል" አለችኝ። "እኔ ታችኛው ሰፈር ነው የምወርደው። ኢብቲሳም ዘርቃ ከሄደች ይቺን ሴትዮ ማን ይይዝልኛል?"

እኔ ንግግር እንደማላውቅ፣ ሰው ፊት ሊያቅተኝ እንደሚችል ነገርኳት። ኖፋ ከሩዙ ጠጠር አውጥታ ወረወረች። "አንተ ምንም አትበል፤ ዝምታ ታውቅበታለህ። የሚናገረው ይናገራል" አለች።

ዓርብ የእንግዳ ክፍላችን ሞላ፣ የተረፈውም በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የእኛ ወገን በአንድ ግድግዳ፣ የእነሱ በሌላው። አቡ ነዋፍ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ካባውን ደርቦ መሐል ተቀመጠ። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ደጅ ቆሟል፤ ከሸለቆው ማዶ ሌላ ቤት ሌላ ልጅ ሊጠይቅለት የሚጠብቀው ሰው ነበር። ሚፍለሕ ቡናውን ቀዳለት። እሱ ፍንጃሉን ተቀብሎ በሥርዓቱ ፊቱ አስቀመጠና ተናገረ። ንግግሩ አማረ። አያቶቻችንን ከእነ ግመሎቻቸው ቆጠራቸው። ሰጣምንም ሲያሞግሰው፣ ልጁን በሕፃንነቱ የማውቀው እኔ እንኳ አዲስ ሰው የሚመጣ መሰለኝ። ጨረሰ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ዝም አልኩ።

የአቡ ነዋፍ እጅ በልማድ ወደ ፍንጃሉ ሄዶ ነበር። ቃሉ ስላልመጣ እጁ መንገድ ላይ ቆመ፤ መልሶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ምንጣፉን አየሁ። ያን ጊዜ ነው ከማጀት በኩል የቧንቧው መዘውር ሲዞር የሰማሁት፤ እስከ መጨረሻው ነው የከፈተችው።

መጀመሪያ አጉረመረመ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ቀጥሎ በኃይል አስነጠሰ። ከእኛ ወገን በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ዓውዳ ዓይናቸው ደከም ያለ ነው፤ ማን እንደሆነ ሳያዩ "ይማርህ" አሉት። ከዚያ ሳሉ መጣ። ጥልቅ ነው፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ እህ ይላል፣ ያርፋል፣ እህ ይላል። ያን ያህል ሰው የሞላው ክፍል ጸጥ ብሎ አንድ ቧንቧ ሲታመም ያዳምጥ ነበር።

"አቡ ነዋፍ" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። "በልጁ ቅር አይለኝም። ቤትህም የተከበረ ነው። ግን ዛሬ ዓርብ ነው፣ የውሃ ተራችን ነው። መልሱን ከቧንቧው ስማ።"

ከእነሱ ወገን የአጎቱ ልጅ ብድግ አለ። በቡና ተቀልዶብን አንቀመጥም፣ ተነሡ አለ። ሁለት ሦስት ሰው ካባውን ሰበሰበ። በዚያች ቅጽበት የልጄን ዕድል በእጄ የሰበርኩ መሰለኝ፤ ኖፋንም በሆዴ ወቀስኳት። አቡ ነዋፍ ግን አልተነሣም። የአጎቱን ልጅ በካባው ጫፍ ይዞ መልሶ አስቀመጠው። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፤ ከማዶ ያሉት ናቸው። አላነሣውም። ፊቱን ወደ ማጀቱ መጋረጃ አዞረ።

"ሐጃ ኖፋ፣ ሰምቻለሁ። አሁን ይዝጉልኝ" አለ።

"የሚዘጋ ነገር የለውም የኔ ልጅ" አለች ከመጋረጃው ማዶ። "ዜና ነው፤ ራሱ ያልቃል።"

መጀመሪያ የሳቁት የታችኛው ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሳቁ ከእነሱ ወደ እኛ፣ ከእኛ ወደ በረንዳው ሄደ። ተነሥቶ የነበረው የአጎቱ ልጅ እንኳ አፉን በእጁ ሸፈነ። አቡ ነዋፍም ሳቀ፤ ከዚያ እንደ ልማዱ፣ "እሺ፣ ይሠራል" አለ።

ሐጂ ዓውዳ ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አሳረፉ። "እሺህንማ በሬዲዮ ሰምተነው እንውላለን ልጄ" አሉት። "ቀኑን ንገረን።"

ቀኑን የቆረጠችው ኖፋ ናት። ልጄ በቦቴ ውሃ ታጥባ ከቤቴ አትወጣም አለች። የሠርጓ ዋዜማ ሂናዋ ከመጪው በዓል ቀጥሎ ባለው ዓርብ ነው፤ ያን ዕለት ከዚህ ቧንቧ ትታጠባለች፣ ከዚህ ቧንቧ ካልታጠበች ሂና የለም። አቡ ነዋፍ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው እጁን አንሥቶ ጢሙን ያዘ።

በሽማግሌ ፊት ጢም ተይዞ የተሰጠ ቃል ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ያን ቃል ያጎደለ ሰው ከዚያ ወዲያ በማንም ቤት ፍንጃል ፊቱ አስቀምጦ የማንንም ልጅ አይጠይቅም። አቡ ነዋፍ ደግሞ ያን ካጣ ምን ይቀረዋል?

"ቡናህን ጠጣ" አልኩት።

መራራ ቡና ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን የቀመሰው ያውቀዋል። ፊቱን ሳያጠቁር እስከ አተላው ጠጣው፣ ሌላ አልፈልግም ለማለት ፍንጃሉን ነቅነቅ አድርጎ ለሚፍለሕ መለሰ። ከማጀት እልልታው ተነሣ፤ ቧንቧው ከእልልታው ሥር ትንሽ ሳለና ዝም አለ።

ማዶ ያሉት ዘንድ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ነበር ይባላል። የልጅቷ አባት በሩ ላይ ተቀብሎት፣ አይዞህ፣ የኛ ቧንቧ ደህና ነው፣ የኛ ችግር የመንገዳችን ጉድጓድ ነው አለው አሉ። ይህን እኔ አላየሁም።

ያየሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አቡ ነዋፍ እሺ ማለቱን ትቶ በየቢሮው በር ይቆም ጀመር። ኃላፊዎቹን የወንድሜ ልጅ ሊያገባ ነው ይላቸዋል፤ እነሱም እንኳን ደስ ያለህ ይሉትና የመብራት ምሰሶ ከሠርግ ጋር ምን አገናኘው ብለው ይደናገራሉ። ምሰሶዎቹ ግን መጡ። ለመስመሩ ጉድጓድ ሲቆፈር የታችኛው ሰፈር ወጣቶች ሊረዱ ወጡ፤ ከፊት ሰጣም ነበር። መርፌ እንጂ ዶማ ስለማያውቅ እጁ ውሃ ቋጠረ። ኖፋ ከጣሪያው ላይ ቆማ በዜና አንባቢዋ ድምፅ፣ ሙሽራው ዛሬም አንድ ክንድ ቆፍሮ ሁለት ጊዜ ተቀመጠ እያለች ለሰፈሩ ታሰማ ነበር። ነሽሚያ መስኮት ዘግታ ትስቃለች። ኢብቲሳም ግን ፎቅ ላይ ድስቶቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች በካርቶን ትከት ነበር። ውሃ ሳላይ አልፈታውም አለች፤ ልክም ነበረች።

የሂናው ዓርብ ቤቱ በሴት ሞላ። ኖፋ የማጀቱን ቧንቧ ከጠዋት ከፍታ፣ ባልዲ ገልብጣ ፊቱ ተቀመጠች። ሬዲዮኑን አጠፋችው። በጉርብትና የመጡት ሴቶች ዙሪያዋን ቆሙ፤ እኔም ከበሩ ውጪ ቆምኩ። የዳገቱ ፓምፕ ሲነሣ ድምፁ ለእኛም ተሰማ፤ የሞተር ድምፅ ስለማውቅ ጤነኛ እንደሆነ ለኖፋ ነገርኳት። ቧንቧው አጉረመረመ። አስነጠሰ። ሳለ፣ ሳለ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። ሴቶቹ ዘፈናቸውን አቆሙ። ከፎቁም ምንም አይሰማም።

ከዚያ አንድ ቡናማ ጉርሻ ተፋ። ቀጥሎ ዝገት ያለበት ቀይ ውሃ፤ ቀጥሎ እንደ ሻይ የሳሳ። ቀጥሎ ጠራ። ባልዲው ከሥሯ እስኪንሳፈፍ ኖፋ ከቦታዋ አልተነሣችም። እጇን ሥሩ አድርጋ ውሃውን ታየው ነበር። እኔን ቀና ብላ አየችኝና ምንም አላለችም። በትዳራችን ዘመን ንግግር ያጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወዲያው ግን አገኘችው። "ኢብቲሳም" ብላ ወደ ፎቁ ተጣራች፣ "ታንከሩን ክፈቺ፣ ጎርፍ መጥቶልሻል፤ ተጠንቀቂ ብሏል ዜናው።" ከላይ እልልታ መለሰላት። ትንሹ ልጅ፣ ሳሙናው፣ ከነልብሱ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ገባ። አረፋ እንደማያወጣ ለጓደኞቹ ሊያሳይ ነው። ነሽሚያ ታጠበች፣ ሂናዋን ተቀባች። በማግስቱ ነሽሚያን ድረን ፎቅ ስወጣ ድስቶቹ መደርደሪያቸው ላይ ተመልሰዋል። የዘርቃው ነገር ቀረ፤ ጋዜጣው ብቻ ተጨማዶ በካርቶኑ ውስጥ ቀርቷል።

እሑድ ጠዋት ኖፋ ደወለች። አዘጋጁ ሲጠብቃት ነበር መሰለኝ፣ ስሟን እንኳ አልጠየቃትም። ውሃው መጣ አለች። አቡ ነዋፍ ጢሙን አላዋረደም፣ አላህ ይስጠው፣ ልጄንም ድሬለታለሁ አለች። ከዚያ፣ "አሁን ወደ ጋዝ መኪናው ሙዚቃ እንመለስ" አለች።

በአካባቢያችን ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድ እንደራሴ ሁሉ፣ ቡናውን ከማስቀመጡ በፊት የልጅቷ ሰፈር ምን እንደጎደለው ያጠያይቃል ይባላል። አቡ ነዋፍ ራሱ በየሠርጉ ይህን እየተናገረ ያስቃል። በሚቀጥለው ምርጫ ለመመረጥ መፈክር አላስፈለገውም፤ ጢሙን ይዞ ፎቶ ተነሣ።

ኖፋ ካረፈች ሁለት ክረምት አለፈ። ለቅሶዋ ላይ አቡ ነዋፍ ሦስቱንም ቀን ከእኔ ጎን ተቀመጠ። የለቅሶ ቡና ያለ ቃል ስለሚጠጣ ምንም አልተባባልንም። ሦስተኛው ቀን ዓርብ ነበር። ከጣሪያችን ውሃው ታንከሩ ውስጥ ሲወርድ እየተሰማ ቆይቶ፣ ሲሞላ ቀጥ አለ። እሱም ቀና ብሎ አዳመጠ።

አሁን ዓርብ ዓርብ የሚፍለሕ ልጆች ቧንቧ ከፍተው እየረሱ ለጨዋታ ይሮጣሉ። ያ ሳሙናው የተባለው ትልቅ ሆኗል፣ ከሁሉም የሚብሰው እሱ ነው። ኖፋ ብትሰማ ቁልፏን እያንቃጨለች ደረጃውን ትወጣ ነበር። እኔም ዝጉ እላቸዋለሁ። ግን ወዲያው አይደለም፤ ትንሽ አዳምጥና ነው።